ጆሴፊን ኮክራን እና ውሃ አላፈስም ያለው ማሽን

ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች በዚህ ሴሚስተር የተሰጠን አሳይመንት ሲያዩት ቀላል ነው። ከሞተ ብዙ ዓመት የሆነው አንድ ታዋቂ ሰው መርጦ ሕይወቱን መጻፍ። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ ከማንም አፍ የወጣ ጥቅስ ማስገባት አይቻልም። መምህራችን ተማሪ ጥቅስ ካገኘ ሦስቱን ገጽ በሰው ቃል ሞልቶ ራሱ ምንም ሳይጽፍ ይመጣል የሚል እምነት አላቸው። እውነታቸውን ነው። ጓደኞቼ ንጉሥም፣ ደራሲም፣ ሯጭም መረጡ። እኔ የመረጥኳት ሴት የዕቃ ማጠቢያ ማሽን የሠራች አሜሪካዊት መሆኗን ዶርም ውስጥ ስናገር ግን ሳቅ ሆነ። ብዙም አልከፋኝም። ለምን እንደመረጥኳት ለማስረዳት በክረምቱ መቱ ውስጥ የሆነውን ማስቀደም አለብኝ።

እናቴ መቱ ውስጥ በአንዲት አነስተኛ ፔንሲዮን ወጥ ቤት ዕቃ አጣቢ ሆና ስትሠራ ብዙ ዓመቷ ነው። እኔ የተማርኩት በዚያ እጅ ነው። የኢሉባቦርን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት የጀመረ ዝናብ ማታ ሊያባራ ይችላል፣ ላያባራም ይችላል። ዕቃው የሚታጠበው ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ቆርቆሮ ስር ነው። ሁለት ሳፋ አለ፤ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ለማለቅለቂያው። ከእናቴ ጋር የምትሠራ ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ አለች። በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች፣ እናቴን አዴ ትላታለች።

የፔንሲዮኑ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሄደው ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ ዕቃውን ሲሸጥ ይደርሳሉ። አልጋውንም ቁም ሳጥኑንም ትተው አንድ አሮጌ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ገዙ። ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በአይሱዙ ተጭኖ መቱ ገባ። የአሜሪካ ሥሪት ነው፤ በዕድሜ እኔን እጥፍ ቢያደርገኝ አይገርመኝም። የኛ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ አንድ ከባድ ትራንስፎርመር አብሮት መጥቷል። ቧንቧ ተቀጠለለት፣ ተሰካ፣ ሠራ። ሠራ ስል ውሃ ሞላ፣ ተንቦጫረቀ፣ ሰሃኑንም አጠበ። ከዚያ በኋላ ግን ውሃውን አላፈስም አለ። በሩ ሲከፈት የሽሮ መልክ ያለው ውሃ አራት ጣት ያህል ከታች ተኝቷል። እናቴ በጣሳ እየቀዳች በባልዲ ታወጣዋለች። ዕቃ ማጠብ ይቀርላታል የተባለችው ሴት ማሽን ማጠብ ያዘች።

እኔ ለእረፍት ቤት ስገባ ጋሼ አስጠሩኝ። ከማሽኑ ጋር የመጣውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አውጥተው ሰጡኝና አንብቤ የጎደለውን እንድነግራቸው ጠየቁኝ። የምማረው ጋዜጠኝነት ነው፣ መካኒክ አይደለሁም ብል ሁሉም ያው ንባብ አይደለም ወይ አሉኝ። እናቴ ከኋላቸው ቆማ ዝም ብላ ታየኛለች። ያ ዝምታ ምን እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ለማንኛውም መጽሐፉን ይዤ ገባሁ፤ ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ደግሞ ይህን ነገር መጀመሪያ ማን አሰበው የሚለው ጥያቄ አልለቅህ አለኝ። ጆሴፊንን ያገኘኋት እንዲህ ነው። (በዕድሜ ቅድመ አያቴ ስለምትሆን አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር። ሞክሬው ነበር፤ ገጹን ሁሉ የለቅሶ ቤት አስመሰለብኝ። ስለዚህ በእሷነቷ እቀጥላለሁ። ዓመቶቹም በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጆሴፊን ጋሪስ በ1839 ኦሃዮ ውስጥ ተወለደች። ከእናቷ ወገን በእንፋሎት የሚሄድ ጀልባ ከሠሩት ቀደምት አሜሪካውያን አንዱ የሆነው ጆን ፊች ዘመዷ ነው። አባቷ ጆን ጋሪስ መሐንዲስ ነበር፤ ረግረግ መሬት የሚያጠነፍፍ ፓምፕ እንደሠራም ይነገርለታል። እዚህ ላይ ስደርስ ለብቻዬ ሳቄ መጣ፤ የኛ ማሽን ያቃተው ይኸው ውሃ ማውጣት ነው። እሷ ግን የምህንድስና ትምህርት አልተማረችም። በ19 ዓመቷ፣ በ1858፣ ዊልያም ኮክራን የሚባል ነጋዴ አግብታ በኢሊኖይ ግዛት ሼልቢቪል ከተማ መኖር ጀመረች። ባሏ ወርቅ ፍለጋ ካሊፎርኒያ ዘምቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ነው፤ በኋላ ግን በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ተሳካለት፣ በከተማው ፖለቲካም ሰው ሆነ። ሁለት ልጆች ወለዱ፤ አንደኛው በሕፃንነቱ ሞተ።

በ1870 ትልቅ ቤት ገቡ። ትልቅ ቤት ያለው ሰው ግብዣ ያደርጋል፤ ግብዣ ሲኖር ጥሩ ሸክላ ይወጣል። የጆሴፊን የሸክላ ሰሃኖች ከ1600ዎቹ ጀምሮ በቤተሰብ ሲወራረዱ የመጡ ናቸው ይባላል። እነዚህን ሰሃኖች ሠራተኞቹ ሲያጥቡ ጠርዛቸው ይሸረፍ ጀመር። ተናደደችና ራሷ ማጠብ ጀመረች፤ ብዙም ሳትቆይ ሥራው ምን ያህል አሰልቺ እንደሆነ ገባት። እንግዲህ በየመጽሐፉ የሚተረከው የማሽኑ ልደት ይኼ ነው፤ የተሸረፈ ሰሃን። ሰሃኑን የሸረፉት ሴቶች በዚህ ታሪክ ውስጥ ሠራተኞቹ ይባላሉ፣ በቃ። እኔ የዕቃ አጣቢ ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህን ቦታ ሳነብ ሁልጊዜ ዓይኔ ከሳሎኑ ወደ ጓዳ ይሄዳል። ሌሊት ግብዣ ካለቀ በኋላ በደበዘዘ መብራት የሚታጠብ ሰሃን ጠርዙ ቢሸረፍ ምን ይገርማል?

የሆነ ሆኖ ሐሳቡን ወደ ብረት የለወጠው ንዴቷ ብቻ አልነበረም። በ1883 ባሏ ሞተ። እሷ 44 ዓመቷ ነው። ከዚያ ሁሉ ቤትና ግብዣ በእጇ የቀረው ጥሬ ገንዘብ 1,535 ዶላር ከ59 ሳንቲም ሲሆን ዕዳው ግን ብዙ ነበር። ከዚህ በፊት ማሽኑ የአንዲት ባለጸጋ እመቤት ጨዋታ ነበር ብንል፣ ከዚህ በኋላ የእንጀራ ጉዳይ ሆነ። ለእኔ የሕይወቷ ቁልፍ ይኼ ነው፤ ሰሃኑ ብዙ ተወርቶለታል፣ ዕዳው ግን የሚጠቀሰው በአንድ መስመር ነው።

ከቤቷ ጀርባ ባለው የእንጨት ማስቀመጫ ውስጥ ጆርጅ በተርስ ከሚባል መካኒክ ጋር ሥራ ጀመሩ። ሰሃኑን፣ ሲኒውን፣ የሲኒ ማስቀመጫውን እየለካች ለእያንዳንዱ ልክ የሚሆን የሽቦ ማቀፊያ ሠራች። ማቀፊያዎቹ አንድ ጎማ መሰል ክብ ላይ ተደረደሩ፤ ክቡ መዳብ ጋን ውስጥ ይሽከረከራል፣ ሙቅ የሳሙና ውሃ ደግሞ ከስር በኃይል ይረጫል። ከእሷ በፊት የሞከሩ ነበሩ። በ1850 ጆኤል ሃውተን የተባለ ሰው በእጅ የሚሽከረከር የእንጨት ማሽን የባለቤትነት ፈቃድ አውጥቶበታል፤ ውሃ ከመርጨት ያለፈ አልሠራም። የእሷ ልዩነት ዕቃው በልኩ ተይዞ የሚያጥበው የውሃው ግፊት መሆኑ ነው። ዲሴምበር 28 ቀን 1886 የፈጠራ ባለቤትነቷ በቁጥር 355,139 ተመዘገበ።

ገንዘብ ሊያበድሯት የሚችሉ ወንዶች ድርጅቱን ለወንድ ካላስረከበች አንሰጥም አሏት። የቀጠረቻቸው ባለሙያዎችም የነገረቻቸውን ትተው በራሳቸው መንገድ ይሞክሩና፣ ገንዘቧ ከባከነ በኋላ ወደ እሷ ሐሳብ ይመለሳሉ። ከሁሉ ይልቅ የከበዳት ግን መሸጡ ነበር። ቺካጎ ያለው ፓልመር ሐውስ ሆቴል ቀድሞ ገዛት። ከዚያ ሸርማን ሐውስ ወደሚባለው ሌላ ትልቅ ሆቴል ብቻዋን ሄደች። ያለ አባቷ ወይም ያለ ባሏ የትም ገብታ የማታውቅ ሴት ነበረችና ያንን አዳራሽ ማቋረጥ ማሽኑን ከመሥራት የባሰ እንደከበዳት በኋላ ተናግራለች። አቋረጠችው። ስትወጣ የ800 ዶላር ትዕዛዝ ይዛ ነበር። እኛም ለመጀመሪያ ጊዜ ለቃለ መጠይቅ አንድ ቢሮ በር ላይ የቆምንበትን ቀን ብናስታውስ ይህን ሴት በጥቂቱም ቢሆን እናውቃታለን።

አሁን ወደ መቱ ልመለስ፤ ማሽኑ እንደቆመ ነው።

ከከተማው አንድ ኤሌክትሪሺያን ለግማሽ ቀን መጣልን። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይፈታል። መጽሐፉ ከሁሉ በፊት የሚለው ከሶኬት ንቀሉ ነው፤ እኛም ነቀልን። ውሃውን በጣሳ ቀድተን በጨርቅ አደረቅነው። ከታች ያለውን ወንፊት ስናነሳ የቡና አተላ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የብርጭቆ ስባሪና ከማር ማሰሮ የተላጠ ወረቀት አገኘን። አበቃ፣ ችግሩ ይኼ ነው ብለን ተደሰትን። አጥበን መለስነው፣ ሰካነው፣ ውሃው አልወጣም። ቀጥሎ የማፍሰሻውን ጎማ ነቅለን ኤሌክትሪሺያኑ በአፉ ነፋበት። አየር ያሳልፋል፤ ከማሽኑ ጀርባ ታጥፎ የነበረበትን ቦታ ግን አቃናነው። ከዚያ ፓምፑ ተፈታ። የፓምፑ ክንፍ ላይ ስቴኪኒ ተጠምጥሞ ነበር። በፒንሳ አወጣነው፣ ክንፉ በጣት ሲገፋ እንደ ልብ ዞረ። ውሃ ተመልሶ እንዳይገባ የምትከለክለዋ ትንሽ የላስቲክ መዝጊያም ደርቃ ተጣብቃ ስለነበር በሙቅ ውሃ አለሳለስናት።

ሌላም ጥፋት ነበረ፤ የእኛው። ሳሙና ሲያልቅ ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን ዱቄት ተጨምሮበታል። እንዲህ ያለ ማሽን አረፋ አይወድም፤ ፓምፑ አረፋ ከሳበ አየር እያኘከ ይቀራል እንጂ ውሃ አያነሳም። ይህንንም ተውን። አሁን ውሃው ወጣ፤ ግን ሁለት ጣት ያህል ቀረ። ኤሌክትሪሺያኑ ማሽኑ አርጅቷል ብሎ መሣሪያውን መሰብሰብ ጀመረ። ጋሼም ተስፋ የቆረጡ መሰሉ። እናቴ ሳፋዋን አነሳች።

እዚህ ላይ ነው ጆሴፊን የረዳችኝ። ማሽኗን ለሆቴል ብቻ ልትሸጥ አላሰበችም ነበር። ለቤት የሚሆን፣ በእጅ የሚዞር ትንሽ ማሽን ሠርታ ነበር፤ አልሄደላትም። ዋጋው ሰባ አምስት፣ መቶ ዶላር ነው፤ ገንዘቡን የያዘው ባል፣ ዕቃ የምታጥበው ሚስት፤ ማን ይገዛል? ትልቁ ምክንያት ግን ሌላ ነበር። ማሽኑ ብዙ ሙቅ ውሃ ይፈልጋል፣ የዚያን ጊዜ ቤቶች ደግሞ ያን ያህል የሚያሞቅ ነገር የላቸውም። ማሽኑ ምንም ጉድለት የለበትም፤ የጎደለው ቤቱ ነው። ሆቴሎች ትልቅ ቦይለር ስላላቸው እነሱ ጋ ያለችግር ሠራ። በ1893 በቺካጎው የዓለም ኤግዚቢሽን ማሽኗ ስትሸለም፣ እዚያው ግቢ ባሉት ምግብ ቤቶች ውስጥ ዘጠኝ ማሽኖቿ ሰሃን እያጠቡ ነበር።

ይህን ማታ በሻማ አንብቤ (መብራት ሄዶ ነበር፤ ለአካባቢያችን መብራት እንዲሰጥ 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሶር ወንዝ ላይ ከተሠራ ዓመታት አልፈዋል፣ መብራቱ ግን አሁንም እንደፈቀደው ነው) ጠዋት ማሽኑን ትቼ ወጥ ቤቱን ማየት ጀመርኩ። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ የውሃ መውጫ የለውም። ለምን ይኖረዋል? ሲሠራ ዕቃ የሚታጠበው ውጭ ነው ተብሎ ነው፤ ውሃውን ተሸክማ የምታወጣ ሴት ትኖራለች ተብሎ ነው። ስለዚህ ማሽኑን የተከሉት ሰዎች የማፍሰሻ ጎማውን ወደ ላይ ወስደው በመስኮት አሳልፈውታል። ከመሬት ስለካው አንድ ሜትር ተኩል አለፈ። መጽሐፉ የሚለው ከአንድ ሜትር በታች ነው።

ሌላም አለ። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ቀንሷል እንጂ የመብራቱን ምት አልለወጠም። በአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመታል፣ በኛ 50። ለ60 የተሠራ ሞተር በኛ መብራት ሲዞር ከስድስት አንድ እጅ ፍጥነቱን ያጣል፤ የፓምፑ ውሃ የማንሳት ጉልበት ደግሞ በሲሶ ያህል ይወድቃል። ደከም ያለ ፓምፕ፣ ከፍ ያለ መስኮት። ኤሌክትሪሺያኑን መልሰን ጠርተን ስነግረው ትንሽ አሰበና ራሱን ነቀነቀ። ጎማውን ዝም ብሎ መሬት ላይ መጣልም አይሆንም፤ ያኔ ገና በመታጠብ ላይ እያለ ውሃው ራሱ እየሳበ ይወጣል። ስለዚህ ከማሽኑ ጀርባ እስከ ጉልበት ከፍ አድርገን አስረን፣ ከዚያ ቁልቁል መልሰን፣ ግድግዳውን ከስር ቀድደን ወደ ውጭው ቦይ አወጣነው። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ አላስቸገረም። ጋሼ ቁልፉን ተጫኑ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ውጭ የቆመችው ልጅ ውሃው እየመጣ ነው ብላ ጮኸች። በሩን ስንከፍት ከታች የቀረው ወንፊቱን ያላለፈ ትንሽ ውሃ ብቻ ነበር፤ ያ ደግሞ በደኅናው ማሽንም ይቀራል።

ጋሼ ለሁላችንም ቡና አስፈሉ። ከሲኒው በላይ ስለ ወጪ ማውራት ጀመሩ፤ ሁለት ሰው ለዕቃ ማጠቢያ ከእንግዲህ ምን ያደርጋል የሚል ነገር። እናቴን ግን አይነኳትም፣ እሷ ወደ ወጥ ሥራው ትገባለች። ልጅቷ ሲኒዎቹን እያነሳች ነበር። የእናቴ ዝምታ ምን እንደነበረ ያኔ ገባኝ። ማሽኑ ቢሠራ ከሁለት አንዳቸው እንደሚወጡ ከመጀመሪያውም ታውቅ ነበር፤ እኔ እንዳላነብላቸው ልትነግረኝ ግን አልቻለችም።

ጆሴፊን በ1898 የራሷን ፋብሪካ ከፈተች፤ ጆርጅ በተርስን ኃላፊ አደረገችው። በ1900 የተሻሻለ ማሽን አስመዘገበች። ሆቴሎች ብቻ ሳይሆኑ ሆስፒታሎችና ኮሌጆችም ገዟት፤ ፍላት የሚያክል ሙቅ ውሃ ስለሚያለቀልቅ ከእጅ ይልቅ ንጹሕ ነው የሚለው ለእነሱ ትልቅ ነገር ነበር። በሰባ ሦስት ዓመቷ እንኳ ኒው ዮርክ ድረስ ሄዳ ትሸጥ ነበር። በ1913 ቺካጎ ውስጥ ሞተች፤ የተቀበረችው ሼልቢቪል ነው። ድርጅቷን በ1926 ሆባርት የተባለው ኩባንያ ገዛው፤ ኪችንኤይድ በሚል ስም ለቤት የሚሆን ማሽን ያወጣው በ1949 ነው። እሷ ያሰበችው የቤት እመቤት ገበያ የተገኘው ከሞተች ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ፣ ቤቶቹ ሙቅ ውሃ ካገኙ በኋላ መሆኑ ነው። በ2006 በአገሯ የፈጣሪዎች የክብር መዝገብ ውስጥ ስሟ ገባ።

ልጅቷ እስከ መስቀል ቆይታ ሂሳቧን ተቀብላ ወጣች። እኔ ወደ ኮሌጅ ለመመለስ ሻንጣዬን ሳስር መጣችና እናቴን ተሰናበተቻት፤ ለእኔም በፌስታል ቆሎ ሰጠችኝ። ጎሬ መንገድ ላይ አንድ ሻይ ቤት ገብታለች አሉ። ባለፈው ሳምንት ለእናቴ ደውዬ ማሽኑን ስጠይቃት ያፈሳል አለች። ወንፊቱን ማታ ማታ ታወጣለች። ሲኒዎቹን ግን ማቀፊያው ለትልልቅ ሰሃን የተሠራ ስለሆነ አይይዝላትም፤ ይወድቁና ጆሯቸው ይሰበራል። እነሱን አሁንም ውጭ፣ ቆርቆሮው ስር፣ በሳፋ ታጥባለች።